እናቴ ወደ ወላይታ የሄደችበት ሳምንት

ከጉዞው ስመለስ ወላይታን ያላዩ፣ ምናልባትም የማያዩ ሰዎች ብዙ ጠየቁኝ። አገሩ ለም ነው ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ሰዉ ምን ይበላል አሉኝ። ለእያንዳንዱ መመለስ ስለከበደኝ ያየሁትን በየቀኑ ተራ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ስለ አገሩ የምለው ግን ጥቂት ነው። የሄድኩት አገር ለማየት ሳይሆን እናቴን ይዤ ነበርና።

እናቴን አዲስ አበባ የሚያውቃት ሁሉ ደስታ ይላታል። ይህን ስም ያወጡላት በልጅነቷ የገባችበት ቤት ጌቶች ናቸው። ከወላይታ እንደመጣች ታውቃለች፤ ማን እንዳመጣት ግን አታውቅም። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ያዙኝ ትላለች። በበቅሎ አፈናጠው ብዙ ቀን አጓዟት፣ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ አለፈች፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ከአንድ ትልቅ ሰው ቤት ደርሳ ለቤቱ ልጅ ተላላኪ ተብላ ተሰጠች። ያቺ ልጅ ዛሬ እኛ እሜቴ የምንላቸው አሮጊት ናቸው። ሁለቱም ያኔ ሕፃናት ነበሩ። እሜቴ ሲዳሩ እናቴ ከጥሎሹና ከዕቃው ጋር አብራ ሄደች።

እኔ የተወለድኩት እዚያው ግቢ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው። አባቴ የግቢው ዘበኛ ነበር፤ በጠላት ጊዜ ዘምቶ አልተመለሰም። ጣልያን ከወጣ በኋላ ባርነት በአዋጅ ሲቀር የእሜቴ ባል አገልጋዮቻቸውን ግቢው ውስጥ ሰብስበው፣ «ከእንግዲህ ነፃ ናችሁ፤ መሄድ የፈለገ ይሂድ» ሲሉ እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ጥቂቶች ሄዱ። እናቴ ወደ ማድ ቤት ተመልሳ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች። የት ትሂድ? መንገዱን የሚያውቁት የወሰዷት ሰዎች ናቸው።

እሜቴ ክፉ ሰው አይደሉም። እኔን ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ አስተማሪ ነኝ። በግብረ ገብ ሰዓት ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ለልጆች አስተምራለሁ፤ በዓለም መንግሥታት ፊት ስለ ሰው ልጅ መብት የተባለውንም በሚገባቸው ቋንቋ እነግራቸዋለሁ። እሑድ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ደግሞ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ሁሉም ከበላ በኋላ ስትበላ አገኛታለሁ።

ጉዞውን ያነሣችው እሷ ናት። አንድ ቀን ከግቢው ፊት ለፊት ቦይ የሚቆፍሩ የቀን ሠራተኞች በወላይትኛ ሲነጋገሩ ሰማች። የሚሉት አልገባትም። ቅርጫቷን አስቀምጣ እስኪሄዱ ድረስ ቆማ ሰማቻቸው። ማታ፣ «ሳልሞት ብሄድስ?» አለችኝ። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ጠበቅን።

ሐሙስ ማለዳ ከአውቶቡስ ተራ ተነሣን። እሜቴ በዘበኛው እጅ በሶና የተጠበሰ ሥጋ ልከዋል፤ ለእናቴም ከራሳቸው ጋቢ አንዱን ሰጥተዋታል። «ቶሎ ተመለሺ በሏት፤ ያላንቺ ምግብ አይወርድልኝም» ብለዋል አለን ዘበኛው። እናቴ አውቶቡስ ተሳፍራ አታውቅም። መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ሞጆን አልፈን ቆላው እስኪመጣ ድረስ ግን ዓይኗን ጉልበቷ ላይ ተክላ ነበር። ዝዋይ ላይ ለምሳ ወረድን። የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡልን፤ አዲስ አበባ በጾም ካልሆነ የማናስበው ምግብ እዚያ እንደ ሽሮ የዘወትር ነው። እናቴ አጥንቱን እየለቀመች ለእኔ ታጎርሰኝ ነበር። «አንቺስ?» ስላት «አንቺ ብዪና» ትላለች። የኖረችበትን ልማድ ዝዋይም ይዛው መጥታለች።

ሻሸመኔ አመሻሽ ላይ ገባን። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። አንድ አልጋ ብቻ ነው የቀረው ብላ አዝና ለእናቴ ሙቅ ውሃ አመጣች፤ እግሯን ልታጥባትም ጎንበስ አለች። እናቴ እግሯን ሰበሰበች። «እኔ ነኝ የማጥብ» አለች፤ ሴትየዋ እንግዳ መሆኗን ብትነግራትም አልሰማቻትም። በመጨረሻ ራሷ ታጠበች። አልጋው ላይም አልተኛች፤ ወለሉ ይሻለኛል ብላ ጋቢውን አነጠፈች።

ዓርብ ዝናቡ ጀመረ። ከአላባ በኋላ፣ ብላቴ ወንዝን ስንሻገር፣ መንገዱ ጥቁር ማጥ ሆነ። አዲስ አበባ ጭቃ የለም ማለቴ አይደለም፤ ያኛው ግን ጫማ ያበላሻል፤ ይኸኛው መኪና ይውጣል። ሾኔን አልፈን ቦዲቲ ሳንደርስ አውቶቡሱ ተቀረቀረ። ወረድን። ከእንሰቱ መሐል ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ ማንም ሳይጠራቸው የእንሰት ቅጠል እየቆረጡ ጎማው ሥር ይጎዘጉዙ ጀመር። ወንዶቹ ሲገፉ እናቴ ዳር ልትወጣ ስትል አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ። አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን በጀርባዋ አዝላ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ፈልጋ አወጣችው፣ በዝናብ ውሃ አጠበችው፣ አደረገችላትም። ከዚያ በወላይትኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። መልኳን አይታ የአገሯ ሰው መስላታለች። እናቴ አፏን ከፈተች፤ የሚወጣ ቃል ግን አልነበረም። ሴትየዋ መልስ ጠብቃ፣ ጠብቃ፣ ፈገግ ብላ ሄደች።

እናቴ አውቶቡሱ ውስጥ አለቀሰች። «ሃታ አውቃለሁ» አለችኝ፤ ሃታ ውሃ ማለት ነው። «ሃ ያም አውቃለሁ። ነይ ማለት ነው። እናቴ ሃ ያ ትለኝ ነበር። ሌላው ሁሉ ጠፋ።»

ቦዲቲ ስንደርስ ደመናው ተከፍቶ ዳሞታ ተራራ በምዕራብ በኩል ታየ። እናቴ ሕፃን ሆና ከደጃፏ የምታየው ትልቅ ጋራ እንደነበር ነግራኛለችና፣ «ይኸው ጋራሽ» አልኳት። ብዙ አየችው። «እሱ ነው» አለች። «ግን በተሳሳተ በኩል ነው። የእኛ ፀሐይ ከጀርባው ነበር የምትወጣው።»

ሶዶ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። የተቀበሉን አቶ አንጁሎ የሥራ ባልደረባዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪና የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሲሆኑ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ማርታ በሩ ላይ በሁለት እጇ ጨበጠችን፤ እርጥብ ልብሳችንን አስወልቃ የራሷን አለበሰችን። እራት ቦይና ቀቅላ በዳጣ አቀረበች። ቦይና ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፤ ከእኛ ድንች ይጣፍጣል፣ ይከብዳልም። ዳጣው አዋዜን በሩቁ ያስንቃል፤ እንባዬ ሲወርድ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። አቶ አንጁሎ በአማርኛ ሲናገሩ ሴቱንና ወንዱን ያቀላቅላሉ፤ «እናትሽ ደክሞታል፤ ይተኛ» አሉኝ። ደግነታቸው ግን አልተቀላቀለብኝም። የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልን።

ቅዳሜ ዝናቡ ስላላቆመ ቤት ዋልን። ሶዶ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከላይ መሥሪያ ቤቶቹና ከሰሜን የመጡት ሰዎች የቆርቆሮ ቤቶች፣ ወደ ታች ወረድ ሲባል የአገሬው የሣር ቤቶች ናቸው። የእኛ ሰፈር ከዚህ የሚለየው ላይና ታቹ በአንድ ግቢ ውስጥ መሆኑ ነው ብዬ አሰብኩ።

ስለ ፀሐይዋ ስነግራቸው አቶ አንጁሎ ወዲያው ገባቸው። «ፀሐይ ከዳሞታ ጀርባ የሚወጣ ከሆነ፣ አገሩ ከተራራው ወዲያ ማዶ፣ ጉኑኖ በኩል ነው» አሉ። ከዚያ አገር የመጡ ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ሰላምታቸውን አቀረቡ፤ ልጆቻችንን፣ ከብቶቻችንን፣ የመጣንበትን መንገድ ሁሉ ደኅንነት ጠየቁ። ማርታ ሻይ ቀዳች። ከዚያ እናቴን የጠየቋት አንድ ነገር ነው፤ ጎሳሽ ማን ነው አሏት። ወላይታ ውስጥ ሰው በጎሳው ይታወቃል፤ ጎሳውን ያወቀ ሰው ዘመዱን አላጣም።

«አላውቅም» አለች እናቴ። «አባቴን ዋዳ ይሉት ነበር።»

«ዋዳ ብዙ ነው» አሉ አቶ አንጁሎ እያስተረጎሙ። «ምን ይሠራ ነበር?»

እናቴ አሰበች። ፊቷ ቀስ በቀስ በራ፤ አንድ ነገር አግኝታለች። «እሱን እንጃ። እናቴ ግን ጭቃ ትረግጥ ነበር። እኔም አብሬያት እረግጥ ነበር። ድስቱን ስንደረድረው፣ ሣርና እበት ከምረን እሳት ስንለቅበት አስታውሳለሁ።»

አቶ አንጁሎ ወዲያው አላስተረጎሙም። ከዚያ ባጭሩ ተናገሩት። አንደኛው ሽማግሌ ሻዩን ሳይጨርስ አስቀመጠው። ሁለተኛው ዝናቡን ተመለከተ። ጥቂት ቆይተው በትሕትና ተሰናብተው ወጡ።

ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የነገሩኝ እሑድ ጠዋት ነው። ማርታ ቁርስ ስታቀርብ ለሁላችንም በብርጭቆ፣ ለእናቴ በጣሳ ሻይ ሰጠች። ሻዩ ስኳሩም ወተቱም እኩል ነው፤ እንዲያውም የእናቴ ሞልቶ ነበር። ጣሳው ግን ትናንት አልነበረም። እናቴ ተቀብላ ጠጣች። ያስደነገጠኝ እሱ ነው፤ ጣሳው ምንም አላስገረማትም።

አቶ አንጁሎ ተከትለውኝ ወደ ደጅ ወጡ። «ቺናሻ እንላቸዋለን» አሉኝ። «ሸክላ ሠሪ ናቸው። በእነሱ ድስት እናበስላለን፣ በእነሱ እንስራ እንጠጣለን። ከእነሱ ጋር ግን አንበላም፣ አንጋባም፣ ቤታችን አይገቡም።» ወደ ቤቱ በር ተመለከቱ። «እኔ አባቴ ገባር ነበር። ለሹሙ ቤት እህል ተሸክሞ፣ አጥር አጥሮ፣ ተገርፎ ነው የሞተ። ያንን ሳስብ ይነደኛል። ስለ ሰው እኩልነት እሰብካለሁ። ብርጭቆው ጋ ስደርስ ግን ቤቴ ውስጥም አልቻልኩም። ማርታ ክፉ አይደለም። እናቱ ያሳየውን ነው የሚያደርገው።»

ለእሜቴ እኔ የምሰጠው ምክንያት ይኸው ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። መዝሙሩ ያምራል፤ ከአዲስ አበባው ሥርዓት ጋር አይገናኝም፤ ጽናጽልና ከበሮ የለውም፣ ሰዉ በራሱ ቋንቋ በብዙ ድምፅ ይዘምራል። እናቴ አብያተ ክርስቲያናቱ መለያየታቸውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ቃላቱን ታዳምጣለች። አንዱን እንኳ ባውቀው ብላ እንደነበር ኋላ ነገረችኝ።

ሰኞ በማለዳ ለእናቴ በቅሎ ተከራይተን፣ እኔና አቶ አንጁሎ በእግር፣ ወደ ጉኑኖ ተነሣን። መንገዱ ዳሞታን ይዞራል። ቤቶቹ እንደ ተደፋ ቅርጫት ክብ ናቸው፤ ከፊታቸው ንጹሕ መስክ፣ ከጀርባቸው እንሰት። አጥሮቹ ለዓይን እንጂ ለሌባ የተሠሩ አይመስሉም። አዲስ አበባ ብርጭቆ ሰባብረን ግንብ ላይ የምንተክለው ትዝ አለኝና ለአቶ አንጁሎ ብነግራቸው አላመኑኝም። አንዴ በቅሎዋ አንሸራትቷት እናቴ ጉድባ ውስጥ ተቀመጠች፤ አልተጎዳችም። እያነሣናት ቀና ብላ ተራራውን አየች። ፀሐይዋ ከጀርባው ወጥታ ነበር።

ጉኑኖ የገበያ ቀን ነበር። ሸክላ ሻጮቹ ከሁሉም ርቀው፣ ገበያው ካለቀበት ቦይ ማዶ ተቀምጠዋል። አቶ አንጁሎ እየዞሩ ጠየቁ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ «ሸክላ ሠሪው ዋዳ? እሱ ከሞተ ቆየ። ታናሽ ልጁ አለች፤ ዛሬ አሟት ገበያ አልወጣች» አሏቸው። በራሳቸው ፈቃድ እየመሩ ወሰዱን፤ መንገድ ላይ ከሙዛቸው ገንጥለው ለእናቴ ሰጧት። ወንዝ ዳር፣ ማንም የማያርሰው ተዳፋት ላይ ወደተኮለኮሉ ጎጆዎች ስንደርስ ግን ቆሙ። «ያ ነው» ብለው አሳዩን፤ ከዚያ አላለፉም።

አቶ አንጁሎም ደጃፉ ላይ ቆሙ። አየኋቸው፤ ትልቅ ሸክም ሊያነሡ እንደሚዘጋጁ ሰዎች እጃቸውን እያሹ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቀድመውን ገቡ።

ውስጥ አንዲት ሴት ምድጃ አጠገብ ተኝታለች። እንግዳ ሲገባ ደንግጣ ተነሣች፤ እንደ አቶ አንጁሎ ያለ ሰው ቤቷ ገብቶ አያውቅም። ባሎቴ ትባላለች። አቶ አንጁሎ ነገሩን ሁሉ ቀስ ብለው ነገሯት። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ቆማለች። እኔ የማንነታችንን ምልክት ትጠይቀናለች ብዬ ፈራሁ፤ እናቴ ከአባቷ ስም በቀር የምታውቀው የለም።

ባሎቴ አንድም አልጠየቀች። ተንፏቃ መጥታ የእናቴን እግር ያዘች። አቶ አንጁሎ፣ «እርግጠኛ ነሽ ወይ፣ እንዴት አመንሽ?» ብለው ጠየቋት።

መልሷን ተረጎሙልን። «ማን ነው ከበቅሎ ወርዶ፣ ጫማ አድርጎ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ ብሎ የሚዋሽ? እህቴ ነው እንጂ» አሉን።

ከዚያ ብዙ ተላቀሱ። የሚግባቡበት ቃል ስለሌለ በእጃቸው ነበር የሚነጋገሩት። ባሎቴ ዳንሶቴ፣ ዳንሶቴ ትላለች። ይህ ማን እንደሆነ ስጠይቅ አቶ አንጁሎ ወደ እናቴ አመለከቱ። እናቴ ስሟን ረስታው ኖሯል። ደጋግማ ልትለው ሞከረች፤ ምላሷ ላይ እንግዳ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሣሩን እየመታ፣ ባሎቴ የሆነውን ነገረችን። እሷ ያኔ የምትታዘል ሕፃን ነበረች፤ የምታውቀው እናታቸው የነገረቻትን ነው።

«ውሃ ስትቀዳ በአጋጣሚ አይደለም የተያዘችው» አለች። «ውሃ ቅጂ ብላ የላከቻት እናታችን ናት፤ እንዳትታይ፣ ልትደብቃት ብላ። ከሰሜን መጥቶ መሬቱን የያዘው መልከኛ ለቤት የምትሆን ልጅ አምጡ ብሎ የመንደሩን ሹም አዘዘው። ሹሙ ከጎሳ ቤት ልጅ ቢወስድ ዘመዱ ሁሉ ይነሣበታል። ስለዚህ ወደኛ መጣ። ከቺናሻ ቤት ልጅ ቢጠፋ ማን ይጠይቃል? አባታችን እግሩ ላይ ወደቀ። ሹሙ ወንዙን ራሱ ያውቀው ነበር፤ ወርዶ ወሰዳት።»

ባሎቴ ወደ እናቴ ዞረች።

«እናታችን ጠየቀች» አለች ባሎቴ። «በየገበያው ቀን፣ ያን ቦይ ዳር ተቀምጣ፣ በቅሎ ጭኖ የሚያልፈውን ነጋዴ ሁሉ ልጅ አይተሃል ወይ ትል ነበር። ሸክላውን ከመሸጥ የበለጠ ትጠይቅ ነበር። ይስቁባታል። እኔ ካደግሁም በኋላ ትጠይቅ ነበር። ሞተሻል ብለን ለቅሶሽን የተቀመጥነው እሷ ከሞተች በኋላ ነው፤ በሕይወቷ አልፈቀደችም።»

እናቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ አላለቀሰችም። በመጨረሻ አቶ አንጁሎን፣ «እናቴ ምን ትመስል እንደነበር ጠይቁልኝ። መልኳ ጠፍቶኛል» አለቻቸው።

ባሎቴ አየቻት። «አንቺን» አለች።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ባርነት ከሩቅ የመጣ፣ በአዋጅም የቀረ ነገር ይመስለኝ ነበር። ቀድሞ የተፈጸመው ግን እዚሁ መንደር ነው። መልከኛው ልጅ አምጡ ሲል ሹሙ የማንም ያልሆነውን ቤት ፈለገ፤ ያ ቤትም ከመልከኛው መምጣት በፊት የማንም እንዳልሆነ ተቆጥሮ ኖሯል። ባሪያ የሚፈነገልበት ዘመን አልፏል። ባሎቴ ግን ዛሬም ከቦዩ ማዶ ነው የምትሸጠው።

ማክሰኞ እዚያው ዋልን። ከማደሪያም ከምግብም ያላቸውን ሁሉ ሰጡን፤ አዲስ ቆጮ፣ ከጎረቤት የተበደሩት አይብ። እናቴ ከእህቷ ጋር ጭቃ ረገጠች። ከዚያ ድስት ልትሠራ ሞከረች። እጇ ያስታውሳል ብዬ ነበር፤ አላስታወሰም። ጭቃው ጠመመ፣ ተሰነጠቀ፣ ተደፋ። የባሎቴ የልጅ ልጆች ሳቁ፤ እናቴም አብራቸው ሳቀች። በጉዞው ሁሉ የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

ሳይመሽ ባሎቴ እዚያው ቀርታ እንድትኖር ለመነቻት። እናቴ ወደ እኔ አየች፤ ፊቷ ላይ እሺታ ይነበብ ነበር። የባሎቴ ልጅ ዳና ግን ራሱን አከከ። መሬቱ የእነሱ አይደለም፤ የሚኖሩበት በባለርስቱ ፈቃድ ነው፤ ጎጆ መጨመር ቀርቶ እንግዳ ማሰንበት ሳያስፈቅዱ አይቻልም። ሄዶ ጠየቀ። የባለርስቱ ሰው፣ የሸክላ ሠሪ ጎጆ በዝቷል፣ እንዲያውም ተዳፋቱን ባሕር ዛፍ ልንተክልበት ነው ብሎ መለሰው።

«ተዉት» አለች እናቴ። «በእኔ ምክንያት እንዳያስነሷችሁ።»

ረቡዕ ባሎቴ ልትሸኘን አብራን እስከ ሶዶ መጣች። በቅሎዋ ላይ እንድትፈራረቅ ብንለምናትም በእግሯ ነው የመጣችው። አቶ አንጁሎ ቤት ስንደርስ ከአጥሩ ውጭ ቆመች። ማርታ ወጥታ አየቻት። የምታደርገው የቸገራት ይመስል እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ በሩን ከፍታ እስከ በረንዳው አስገባቻት። ቤት ውስጥ ግን አላስገባቻትም። ትንሽ ቢመስልም ለማርታ ከባድ መሆኑን ስለማውቅ እንደ ትልቅ ነገር ቆጠርኩላት።

ምሳ ቀረበ። ለእኛ ጠረጴዛ ላይ፣ ለባሎቴ በእንሰት ቅጠል በረንዳው ላይ። እናቴ ተነሣች። ሳህኗን አንሥታ ወጣች፣ እህቷ አጠገብ መሬት ተቀመጠች፣ ምግቧን ቅጠሉ ላይ ገለበጠችው። አብረው በሉ። ቀድማ ያጎረሰችው ባሎቴ ናት፤ እናቴም አልተከራከረችም፣ ተቀብላ ጎረሰች። አቶ አንጁሎ ምግባቸውን ትተው በመስኮቱ ያዩዋቸው ነበር። ማርታ ጥቂት ቆይታ ለሁለቱ ሻይ ይዛ ወጣች። በብርጭቆ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሣ ባሎቴ ከሕዝቡ ርቃ ግንብ ሥር ቆማለች። እጇን አላነሣችም። እናቴም አላነሣችም። እስክንታጠፍ ድረስ ተያዩ። በመንገድ ላይ ቦዲቲን፣ ብላቴን፣ አላባን አለፍን፤ የምጽፈው ግን የለኝም፤ ስለ እናቴ እንጂ ስለ መንገዱ አላሰብኩም። ሻሸመኔ ያው ቤት አደርን። ባለቤቷ ዳግመኛ ውሃ ይዛ ስትመጣ እናቴ እግሯን ዘረጋችላት።

ዓርብ ማታ ግድም አዲስ አበባ ገባን፤ እናቴን ግቢው አድርሼ ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት ስመለስ እሜቴ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ እናቴ ፊታቸው ቆማለች። ትንሽ ጓዝ በእጇ ይዛለች፤ የሰጧትን ጋቢ አጥባ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀምጣለች።

«የት ልትሄጂ ነው?» ይላሉ እሜቴ።

«ከልጄ ጋር ልኖር።»

«እዚህ ምን ጎደለሽ፣ ደስታ? አብረን አይደለም ያደግነው? ማን ከፋብሽ?» ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነው። እሳቸውም አርጅተዋል፤ ከእናቴ በቀር የልጅነታቸውን የሚያስታውስ ሰው የላቸውም።

«ማንም አልከፋብኝም፣ እሜቴ» አለች እናቴ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስወሰድ ነው የኖርኩት። ከአባቴ ቤት ወሰዱኝ፣ ከነጋዴው ቤት ወሰዱኝ፣ እርስዎ ሲዳሩ ደግሞ ከአባትዎ ቤት ወሰዱኝ። አንድ ቀን በገዛ እግሬ ልሂድ ብዬ ነው።»

እሜቴ አለቀሱ። እናቴም አለቀሰች፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ጓዟን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ አልሰጠችኝም። ራሷ ይዛ ቀደመችኝና በትልቁ በር ወጣች።